ማር ሺፋ አለው፤ የአልጋ ቁስል ግን ከማሩ በፊት የሚያገላብጥ እጅ ይፈልጋል

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። የሚወቀስ ካለ ከሁሉ በፊት እኛው ነን። በመስጂዳችን ኢማሙን የምናግዝ ሰዎች ከሶላትና ከደርስ ውጭ ብዙ ጊዜያችን የሚያልፈው በበሽተኛ ዚያራ ነው። በዚያራ ላይ ደግሞ ሰው ዱዓ ብቻ አይጠይቀንም። «ኡስታዝ፣ ለዚህ ምን ይሻላል?» ይለናል። እኛም አንዳንዴ በማናውቀው ነገር መልስ እንሰጣለን። ዛሬ የምንናገረው ከእንዲህ ዓይነቱ መልሳችን ስለ አንዱ ነው።

በሰፈራችን የሚኖሩ አንዲት እናት ስትሮክ መቷቸው ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ብሎ አልጋ ላይ ዋሉ። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ልጃቸው መጥቶ ዱዓ እንድናደርግላቸው ለመነንና ሄድን። እሳቸው ነቅተው በፈገግታ ተቀበሉን። ሴት ልጃቸው ወደ በሩ ተከትላን ወጥታ በዝግታ «ቀኝ ዳሌዋ ላይ ቆዳዋ ተላጠ፣ ዙሪያው ጠቆረ፤ ምን ባደርግላት ይሻላል?» አለችን። ቁስሉን አላየንም፣ ልናየውም አንችልም ነበር። ሳናይ ግን መለስን፦ «ማር ቀቢላት፤ በቁርኣን ሺፋ አለው የተባለ ነው።» እሷም ቀጠለች፦ «በግራ ጎኗ ላስተኛት ይሆን?» እኛም፦ «ቀኝ ጎን ሱና ነው፤ ፊታቸውም ወደ ቂብላ ነው፤ እንዲሁ ይተኙ» ብለን ወጣን።

ልጅቱ የነገርናትን አንድ ሳታጎድል ፈጸመች። ዘመድ ከባሌ የላከውን ማር በቀን ሁለት ጊዜ ትቀባለች። እናቷም ቀንና ሌሊት በቀኝ ጎናቸው ፊታቸውን ወደ ቂብላ አድርገው ተኙ። ከሃያ ቀን በኋላ ለሁለተኛ ዚያራ ስንመለስ ጠረኑ በር ላይ ተቀበለን። ከጤና ጣቢያ የተጠራች ነርስ ውስጥ ነበረች። ወጥታ እጇን ከታጠበች በኋላ ያለችን እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም፦ «ኡስታዝ፣ ይህ ቁስል የጎደለው ማር አይደለም፤ መገላበጥ ነው የጎደለው። ከታች እስከ አጥንት ሊደርስ ነው።»

እናታችን ሆስፒታል ገቡ። አልሐምዱሊላህ ተርፈዋል። ቁስሉ ለመዝጋት ግን ሰባት ወር ፈጀ። ከዳኑ በኋላ ስንጠይቃቸው «ያመኝ ነበር ልጆቼ፤ ቂብላዬን ላለመልቀቅ ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አሉን። ያንን ቂብላ ለሃያ አራት ሰዓት ግዴታ ያደረግንባቸው እኛ ነበርን። ሸሪዓው አላደረገባቸውም።

ስለዚህ ዛሬ ያወቅነውን ለእናንተም ማድረስ አማና ሆኖብናል።

ስለ ማር የመጣልን ምንድን ነው?

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አን-ነሕል አንቀጽ 68 እና 69 ስለ ንብ ነግሮናል፤ ከእሷ በሚወጣው መጠጥ ለሰው ልጆች ሺፋ እንዳለም አሳውቆናል። በዚህ ላይ ጥርጥር የለንም። ነገር ግን ሙፈሲሮች በዚህ አንቀጽ ላይ ያስተዋሉትን ነጥብ እኛ መድረሳ ተምረን ስንረሳው ያሳፍራል። «ሺፋ» የሚለው ቃል የመጣው ያለ «አል» ነው፤ ነኪራ ነው። ኢብኑ ከሲር በተፍሲራቸው እንዳሰፈሩት ቃሉ «አሽ-ሺፋ» ተብሎ ቢሆን ኖሮ ማር ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት ነው በተባለ ነበር። አንቀጹ በማር ውስጥ ሺፋ እንዳለ ይነግረናል። ለየትኛው ሕመም፣ በምን ያህልና እንዴት የሚለውን መርምሮ የማወቅ ሥራ ለሰው ልጅ ተትቷል።

ሐዲሱም አለ። ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሰዒድ አል-ኹድሪ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት፣ ወንድሙ ሆዱን የታመመበት ሰው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጣ። እሳቸውም ማር እንዲያጠጣው አዘዙት፤ ደጋግሞም ሲመጣ ያንኑ ደገሙለት፤ በመጨረሻም ወንድሙ ዳነ። ልብ በሉ፦ ይህ ሐዲስ ስለ ሆድ ሕመምና ስለ መጠጣት ነው። ቁስል ላይ ስለ ማድረግ አይናገርም። ማርን ቁስል ላይ ማድረግ የሰው ልጅ በልምድ ያገኘውና የተፈቀደ ሕክምና ነው፤ ከ3,500 ዓመት በፊት በግብፅ የተጻፈው የኤድዊን ስሚዝ ፓፒረስ እንኳ የቁስል ማሰሪያ ላይ ማር እንዲደረግ ያዛል። ስለዚህ ነርሷ «ማሩን ለጊዜው ተዉት» ስትል ሱናን እየተቃወመች አይደለም። ከእሷ ጋር የተከራከረ ሰውም ለሱና ጥብቅና አልቆመም።

ማር ቁስል ላይ ምን ይሠራል?

እውነቱን ለመናገር ማር ለቁስል የሚሰጠው ጥቅም ተረት አይደለም። ማር አብዛኛው ስኳር ነው፤ ውኃው ከ20 በመቶ በታች ነው። ስለዚህ ባክቴሪያ ለመኖር የሚፈልገውን ውኃ ይስብበታል። ኮምጣጣነት አለው፤ ይህም ለብዙ ተሕዋስያን አይመችም። ንቧ የምትጨምርበት ኤንዛይም ደግሞ ማሩ በቁስሉ ፈሳሽ ሲቀጥን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በጥቂቱ እንዲያመነጭ ያደርጋል። በተጨማሪም ቁስሉን እርጥብ አድርጎ ይይዘዋል፤ ማሰሪያው ከሥጋው ጋር ተጣብቆ ሲነሳ እንዳያቆስል ይረዳል፤ መጥፎ ጠረንንም ይቀንሳል። በኒውዚላንድ ከማኑካ ዛፍ የሚገኘው ማር ሜቲልግላዮክሳል የሚባል ሌላ ተሕዋስያንን የሚገድል ንጥረ ነገር አለው።

በሰው ላይ የተደረጉት ጥናቶችስ? ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የተመራማሪዎች ስብስብ እ.ኤ.አ. በ2015 በድምሩ 3,011 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 26 ጥናቶች አንድ ላይ መርምሯል። ማር ቆዳውን ከፊሉን ብቻ የጎዳ ቃጠሎን ከተለመዱት ማሰሪያዎች ፈጥኖ እንደሚያድን፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የመረቀዘ ቁስልንም ከፀረ-ተሕዋስያን ፈሳሽና ከጎዝ ፈጥኖ እንደሚያድን አግኝቷል። ሱብሓነላህ! ወደ አልጋ ቁስል ሲመጣ ግን ያለው ማስረጃ ትንሽና ደካማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የቱርክ ጥናት በማር የታከሙ የአልጋ ቁስሎች የተሻለ ለውጥ እንዳሳዩ ገልጿል፤ የተሳተፉት በሽተኞች ግን ጥቂት ነበሩ። እነዚያም ቢሆኑ በነርሶች እጅ የሚታከሙ፣ ቁስላቸው የሚለካና የሚጸዳላቸው ሰዎች ነበሩ። በዚያ መልክ የሚደረግን ሕክምናና እኛ በር ላይ ቆመን «ማር ቀቢ» ያልነውን አንድ ማድረግ ራስን ማታለል ነው።

የትኛው ማር?

ሐኪሞች ለቁስል የሚጠቀሙበት ማር ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ነው። በጋማ ጨረር ይመከናል። ምክንያቱም ንጹሕ በሚባለው ማር ውስጥ እንኳ ክሎስትሪዲየም የሚባሉ ባክቴሪያዎች ዘር ሊኖር ይችላል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥ የሚባለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ማሩን እቤት አፍልቶ ማምከን ደግሞ አያዋጣም፤ ሙቀቱ ያንን ጠቃሚ ኤንዛይም ያጠፋዋል።

የእኛ አገር ማር የታወቀ ነው። የወሎና የትግራይ ነጭ ማር፣ የባሌና የከፋ የጫካ ማር አለን። አባቶቻችን ለመድኃኒት የሚፈልጉት የጣዝማ ማርም አለ። በአገራችን ቤተ ሙከራዎችም ማራችን ባክቴሪያን እንደሚገታ ታይቷል። ነገር ግን ቤተ ሙከራ ውስጥ በሳህን ላይ ያለ ባክቴሪያና በእናታችን ዳሌ ላይ ያለ ጉድጓድ አንድ አይደሉም። ገበያ ላይ ያለው ማር ደግሞ ስንቱ ስኳር እንደተቀላቀለበት ሁላችንም እናውቃለን። ጁምዓ ዕለት በሚዛን ስለማታለል ኹጥባ እየሰማን፣ ሰኞ ያንኑ ማር ገዝተን የተከፈተ ሥጋ ላይ እናፈሳለን።

ሌላም አለ። እቤት ውስጥ ማር ተቀብቶ ሳይሸፈን ወይም ላላ ባለ ጨርቅ የተሸፈነ ቁስል ዝንብና ጉንዳን ይጠራል። ማር ፈሳሽ ስለሚስብ ማሰሪያው ቶሎ ይርሳል፤ ካልተቀየረ ዙሪያውን ያለውን ደህና ቆዳ ያርሰውና ቁስሉ ይሰፋል። አንዳንዱን ሰው በጣም ያቃጥለዋል። ለንብ ውጤቶች አለርጂ ያለበት ሰው ሊጠቀመው አይገባም። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ ሐኪሙ ሳያውቅ በሰፊ ቁስል ላይ ማር አይደረግለት።

እንግዲህ ማር ሐራም ወይም ከንቱ ነው እያልን አይደለም። ባለሙያ ቁስሉን አይቶ፣ የሞተውን ሥጋ አንስቶ፣ «እዚህ ላይ ማር ይጠቅማል» ካለ በቢስሚላህ ይደረግ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሕክምና ሳያውቅ ያከመ ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሆነ ያስተማሩበት ሐዲስ በአቡ ዳውድ ዘገባ አለ። ያን ሐዲስ ስንቀራው ስለ ሌላ ሰው የሚናገር ይመስለን ነበር።

የአልጋ ቁስል ከየት ይመጣል?

የአልጋ ቁስል ከውጭ የመጣ በሽታ አይደለም። የሰውነት ክብደት ነው የሚፈጥረው። አጥንት ከላይ፣ ፍራሽ ከታች ሆነው መሐል ያለውን ሥጋ ሲጫኑት ጥቃቅኖቹ የደም ሥሮች ይዘጋሉ። ደም ያልደረሰው ሥጋ በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። ጤነኛ ሰው ተኝቶም ሳያውቀው ይገላበጣል፤ የአላህ ራሕመት ነው። ያ የቀረበት በሽተኛ ግን በጭራው አጥንት፣ በዳሌው፣ በተረከዙ፣ በቁርጭምጭሚቱ፣ በትከሻው አጥንትና በጭንቅላቱ ጀርባ ላይ ይቆስላል። ላብና ሽንት ቆዳውን ያርሱታል፤ ሲጎተት ከአንሶላው ጋር ይፋተጋል፤ ምግብ ካነሰው ደግሞ ሥጋው ራሱን መጠገን ያቅተዋል።

ሐኪሞች በአራት ደረጃ ይከፍሉታል። በመጀመሪያው ቆዳው አልተከፈተም፤ ቦታው ብቻ ይቀላል፣ በጣት ሲጫኑትም ቅላቱ አይጠፋም። በእኛ ዓይነት ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ቅላቱ ስለማይታይ በእጅ መዳሰስ ያስፈልጋል፦ ከአካባቢው ይልቅ ከሞቀ፣ ከጠነከረ ወይም ካመመው ምልክቱ ያ ነው። በሁለተኛው ቆዳው ይላጣል ወይም ውኃ ይቋጥራል። በሦስተኛው ቆዳው አልፎ ስብ ይታያል። በአራተኛው ጡንቻና አጥንት ይደርሳል። ከዚያ በኋላ አጥንት ሊመረቅዝ፣ መርዙም ወደ ደም ሊገባና ሰውየውን ሊወስደው ይችላል።

አሁን አስቡት። የሚጫነው ክብደት ካልተነሳ ከላይ ምን ቢቀባ ሥጋው ደም አያገኝም። ግመሉን ሳያስር ተወከልኩ ላለው ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጀመሪያ እንዲያስረው አዘዙት። የአልጋ ቁስል ገመዱ ማገላበጥ ነው።

እቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

ብዙ ጊዜ የሚመከረው በሽተኛውን በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ ነው፤ ባለሙያ እንደ ሁኔታው ያስተካክለዋል። እኛ በመጀመሪያ «በየሶላቱ ሰዓት ይገላበጡ» ብለን አስበን ነበር። ስናሰላው ግን አልሆነም። ከሱብሒ እስከ ዙህር 7 ሰዓት ያህል አለ፤ ከዒሻ እስከ ሱብሒ ደግሞ ከ9 ሰዓት በላይ ነው። ስለዚህ አዛኑ ማስታወሻ ይሁን፣ በመሐሉ ግን ስልካችሁ ላይ ደወል ሙሉ። ሌሊት የሚነሳው ልጅ እግረ መንገዱን ሁለት ረክዐ ቢሰግድ ምንኛ የታደለ ነው!

አገላባበጡም አለው። ሙሉ በሙሉ በዳሌ አጥንት ላይ አታስተኙ፤ ጀርባው ላይ ትራስ ደግፋችሁ ጋደም ይበል። ተረከዙ ፍራሽ እንዳይነካ ከባቱ ሥር ትራስ አድርጉ። ወደ ላይ ስትስቡት በብብቱ አትጎትቱ፤ ከሥሩ ባለው አንሶላ ለሁለት ሆናችሁ አንሱት። የቀላውን ቦታ አትሹት፤ የደከመውን ሥጋ የባሰ ይጎዳዋል። መሐሉ ክፍት የሆነ ክብ ጎማ ላይ ማስቀመጥም አይመከርም፤ ዙሪያውን ጨቁኖ ለመሐሉ ደም ይከለክለዋል። ሽንት ሲያመልጠው ቶሎ አጥባችሁ አድርቁና ቫዝሊን ቀቡ። እንቁላል፣ ወተት፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ከተገኘም ሥጋ አብሉት። ማሩንም በዚሁ ከቁርሱ ጋር ስጡት፤ ስኳር በሽታ ከሌለበት የሐዲሱ አወሳሰድ ይኸው ነው።

ቁስሉ ከጠቆረ፣ ከሸተተ፣ መግል ከያዘ፣ ጉድጓድ ከሆነ፣ ወይም በሽተኛው ትኩሳት ካለው ወይም ከዘባረቀ ለነገ ሳትሉ ወደ ሕክምና ውሰዱት።

ሸሪዓው ያላከበደውን አናክብድ

አንደኛ፦ ወደ ቂብላ መዞር ለሶላት ነው፤ እሱም ለሚችል። ከሶላት ውጭ በሽተኛ ወደየትም ቢዞር ኃጢአት የለበትም። በሶላት ጊዜም የሚያዞረው ካጣ ወይም መዞሩ ከጎዳው እንደቻለ ይሰግዳል። በቀኝ ጎን መተኛት የተወደደ ሱና ነው፤ ሰውነትን እስኪያቆስል ግን ማንም አላዘዘም።

ሁለተኛ፦ ዐውራ። ይህ ቁስል የሚደበቅበት ትልቁ ምክንያት ሐያእ ነው። ጭራ አጥንትና ዳሌ ላይ ስለሚወጣ እናት ለወንድ ልጇ አትናገርም፤ አባትም ለሴት ልጁ አይናገርም። ዑለማዎች ለሕክምና ሲባል በሚያስፈልገው ልክ ማየት እንደሚፈቀድ አስቀምጠዋል። ለሴት ሴት፣ ለወንድ ወንድ ይቅደም፤ ካልተገኘ ግን ቦታው ብቻ ተገልጦ ይታከም። ሐያእ ኢማን ነው፤ ሰው እየሸተተ እንዲሞት የሚያደርግ ሐያእ ግን ከኢማን አይደለም።

ሦስተኛ፦ ውዱእ። ተረከዙ ላይ ቁስል ያለበትን ሰው በየሶላቱ ማሰሪያውን እየፈቱ የሚያጥቡ ቤተሰቦች አጋጥመውናል። ይህ ቁስሉን መግደል ነው። ደህናው ይታጠባል፣ ማሰሪያው ላይ በእርጥብ እጅ ይታበሳል፤ በሻፊዒይ መዝሀብ ተየሙም ይጨመርበታል። ዝርዝሩን የሰፈራችሁን ዓሊም ጠይቁ።

ለጀማዓው የምንለው

ስንታመም ሰው ይጎርፍልናል፤ አልሐምዱሊላህ። ማር፣ ብርቱካንና ጁስ ተይዞ ይመጣል። አሥር ሰው ሳሎን ተቀምጦ ሻይ ሲጠጣ ግን ጓዳ ውስጥ አንዲት ሴት ልጅ ብቻዋን እናቷን ማንሳት አቅቷት ታለቅሳለች። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሰል ቁድስ አላህ በቂያም ቀን ባሪያውን ታሞ ያልተጠየቀ ወንድሙን እያነሳ ይጠይቀዋል። ያ ጥያቄ ሲመጣ «ማር ልኬ ነበር» ብለን እናመልጥ ይሆን?

እኛ በመስጂዳችን የጀመርነው ቀላል ነው። አልጋ ላይ የዋለ ሰው ባለበት ቤት የሚያግዙ ሴቶች ለሴት፣ ወንዶች ለወንድ ተራ ይይዛሉ። አንድ ሰው በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ይሰጣል፤ ያገላብጣል፣ አንሶላ ይቀይራል፣ ቤተሰቡን ትንሽ ያስተኛል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ጋብዘን አያያዙን አሳይታናለች። ከሶደቃ ሣጥኑ አንድ የአየር ፍራሽ ተገዝቷል፤ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ይህን ለማድረግ ሀብታም መስጂድ መሆን አያስፈልግም። የእናንተም መስጂድ በሚቀጥለው ጁምዓ ሊጀምረው ይችላል።

በሚቀጥለው ዚያራችሁ ማር ብትይዙ መልካም ነው። ከመውጣታችሁ በፊት ግን «መቼ ነው የተገላበጡት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ እጃችሁንም ስጡ። እኛ ያንን ጥያቄ ያኔ በሩ ላይ ጠይቀን ቢሆን ኖሮ የአንዲት እናት ሰባት ወር ሥቃይ ይቀር ነበር።

አላህ በሽተኞቻችንን ያሽርልን፤ ሳናውቅ ላጠፋነው ዐፉ ይበለን፤ ለሚያስታምሙ ልጆች አጅራቸውን ያብዛላቸው። አሚን።

በቤቱ በሽተኛ ላለው ሁሉ እንዲደርስ ሼር አድርጉት። 

ወላሁ አዕለም።